ለወርቅ ናኖዘንግ፦ ጋውሲያን ፕሮሰስ ወይስ ኒውራል ኔትወርክ?

የወርቅ ናኖዘንግ (በናኖሜትር የሚለካ እጅግ ትንሽ የወርቅ ዘንግ) ርዝመት ከውፍረቱ ጋር ያለው ምጣኔ ሲለወጥ፣ ብርሃን የሚውጥበት የሞገድ ርዝመትም አብሮ ይለወጣል። 800 ናኖሜትር ላይ ለማድረስ የብር ናይትሬት፣ የአስኮርቢክ አሲድ፣ የዘሩ (ዘንጎቹ የሚያድጉበት ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች) እና የሲታብ (CTAB፣ የዘንጉን እድገት የሚመራ ሳሙና መሰል ኬሚካል) መጠን፣ ፒኤቹም (የአሲድነት ልኩም) ጭምር አንድ ላይ መስተካከል አለባቸው። ይህን ከሙከራ ዳታ ተምረው ለመተንበይ ከሚያገለግሉ የኮምፒውተር ሞዴሎች ሁለቱ ጋውሲያን ፕሮሰስና ኒውራል ኔትወርክ ናቸው።

እጅዎ ላይ ያለው ከ20 እስከ 100 ሙከራ ከሆነ ሳያመነቱ ጋውሲያን ፕሮሰስን ይምረጡ። ከእያንዳንዱ ትንበያ ጋር ምን ያህል ሊስት እንደሚችልም ይነግርዎታል፤ የስህተቱ ስፋት 15 ናኖሜትር በሆነበትና 80 በሆነበት ቦታ መካከል ቀጣዩ ሙከራ የት እንደሚያዋጣ የሚታወቀው በዚህ ነው። በ15 ሙከራ ጀምረው በየዙሩ 4 ወይም 5 ይጨምሩ። መጠኖቹን አስቀድሞ ወደ ሎጋሪዝም መለወጥ አይዘንጋ። ድክመቱ፣ ዳታው እጥፍ ሲሆን ስሌቱ 8 እጥፍ መክበዱ ነው።

ኒውራል ኔትወርክ 60 ሙከራ ቢሰጡት ቁጥሮቹን ይሸመድዳል እንጂ አይማርም። የእሱ ቦታ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል ነው፤ አንዱ ምስል ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ሊይዝ ይችላል። ተደራርበው የተኙ ዘንጎችን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ጠርዛቸውን ለብቻ ምልክት አድርጎ ማሠልጠን ይረዳል።

ሁለቱንም የሚያሳስተው የዳታ አከፋፈል ነው። ከአንድ የዘር ዝግጅት የወጡ ናሙናዎች ለማሠልጠኛም ለመፈተኛም ከገቡ ውጤቱ በሐሰት ያምራል፤ ስለዚህ በዘሩ ይከፋፍሉ። የሲታቡን የምርት ቁጥርም ይጻፉ፤ ጥቂት የአዮዳይድ ቆሻሻ ዘንጉ እንዳያድግ ያግዳል። ካልተመዘገበ ሞዴሉ ጥፋቱን በብር ናይትሬቱ መጠን ያላክካል።