ለአየር የከፈልኩት ገንዘብ

የዛሬ ሁለት ዓመት ከዱባይ ሦስት ፊገር፣ ማለትም የካርቱን ገጸ ባሕርያት የፕላስቲክ ምስል፣ በአንድ የግል ድርጅት ላኩ። ስሙን ልተወው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ካርቶኑ 3 ኪሎ ከምናምን ነበር። ደረሰኙ ላይ ግን 8.4 ኪሎ ተብሎ ተጻፈ። ተሳስታችኋል ብዬ ተከራከርኩ። ለካ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑ 40 በ35 በ30 ሴንቲሜትር ነው። ሦስቱን አባዝቶ ለ5000 ማካፈል የብዙ ኩሪየሮች (የዕቃ አድራሽ ድርጅቶች) ደንብ ነው፤ ከዚህ ኪሎና ከሚዛኑ የሚበልጠውን ያስከፍላሉ። የፊገር ሳጥን ደግሞ ከግማሽ በላዩ አየር ነው። በዚያ ላይ ቤት ወስጄ ስከፍተው የአንዱ ሰይፍ ለሁለት ተሰብሯል።

«ታዲያ ሳጥኑን ጥለህ ፊገሩን ብቻ አትልክም?» ብሎኛል አንድ ጓደኛዬ። የሚሰበስብ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሳጥን የሌለው ፊገር ዋጋው ይወርዳል። የመሸጥ ሐሳቡ ባይኖረኝም፣ ውስጡ ያለው በፊገሩ ቅርጽ የተሠራ ፕላስቲክ ከየትኛውም መጠቅለያ ይሻላል።

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ቶኪዮ ስሄድ እንግዲህ ነቄ ብዬ ነው የሄድኩት። አዲስ የወጣውን ፊገር አኪሃባራ ከሚባለው ሰፈር ገዛሁ። ልቤ የቀረው ግን ናካኖ ብሮድዌይ ነው። የድሮ የገበያ ሕንፃ ነው፤ ያገለገሉ ፊገሮች በመስታወት ሣጥን ተደርድረው፣ ጭረት ካላቸው ጭረታቸው ሳይቀር ተጽፎባቸው ይሸጣሉ። ቀኑን ሙሉ ምሳ ሳልበላ ዞርኩት።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልብ በሉ። ጃፓን ውስጥ ለቱሪስት በፓስፖርት 10 በመቶው ታክስ ይቀነስለታል። ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በዚህ መንገድ የገዛችሁትን ዕቃ ራሳችሁ በፖስታ መላክ አትችሉም፤ ከአገር ስትወጡ ይዛችሁት መውጣት አለባችሁ። ስለዚህ ገና ሱቅ ውስጥ ሳለሁ ለሁለት ከፈልኩት፦ ሻንጣ የሚገባው ያለ ታክስ፣ ፖስታ ቤት የሚሄደው ከነታክሱ። ገንዘብ ተቀባዩ ሁለት ደረሰኝ ስጠይቀው አልገረመውም። የለመደው ነው።

የላኩት በጃፓን ፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት፣ በኢኤምኤስ ነው። ርካሽ እንዳይመስላችሁ። ዓለምን በአምስት ዞን ከፍለው ነው ዋጋ የሚያወጡት፤ አፍሪካ ከደቡብ አሜሪካ ጋር አምስተኛው፣ ከውዶቹ አንዱ በሆነው ዞን ውስጥ ናት። ነገር ግን የሚያስከፍሉት ሚዛኑ ላይ ያዩትን ነው። 3 ኪሎ ከሆነ 3 ኪሎ፣ አለቀ። እስከ 30 ኪሎ ይቀበላሉ። እስከ 20,000 የን የሚደርስ ዋስትናም ዋጋው ውስጥ አለ። ለእኔ ይሄ ብቻውን ይበቃኝ ነበር።

አድራሻውንና የዕቃውን ዝርዝር በስልኬ ሞልቼ እዚያው ፖስታ ቤት አተምኩ። «መጫወቻ» ብላችሁ አትለፉ። ከምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደሆነና የእያንዳንዱን ዋጋ ጻፉ። ባትሪ ያለበት አንድ ፊገር ነበረኝ፤ በባትሪ ከምነዛነዝ ብዬ በእጅ ሻንጣዬ ይዤው መጣሁ። የቀረውን ሲጫኑት ጧ በሚለው ፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሳጥኑን ሌላ ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ዙሪያውን በቲሸርቶቼ ሞላሁት። የዱባዩን ሰይፍ እያሰብኩ ፕላስተሩን ሳላበዛው አልቀረሁም።

በ16ኛው ቀን ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ደረሰ። የጻፍኩት አድራሻ የአባቴን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። በኢ ጀምሮ በጄፒ የሚያልቀውን 13 ፊደልና ቁጥር ስልኬ ላይ ጠዋት ማታ ሳየው ነው የከረምኩት። ቶኪዮ የተከፈለበት ጥቅል እዚህ ያለ ጭቅጭቅ የሚታወቀው ሁለቱም አገሮች የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስለሆኑ ነው። እኛ የገባነው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ በምኒልክ ጊዜ።

ጉምሩክ ፊት ካርቶኑ ተከፈተ። ቲሸርቶቹ ሲወጡ ትንሽ አፈርኩ።

«ለልጅህ ነው?» አለችኝ ባለሙያዋ።

«የራሴ ናቸው።»

ቀና ብላ ሽበቴን አየችው። ምንም አላለችም። የጃፓንኛውን ደረሰኝ ግን ማንበብ አልቻለችም፣ እኔም አልቻልኩም። ደግነቱ ሆቴል ሳለሁ በየመስመሩ ጎን ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ጽፌበት ነበር። ከዝርዝሩ ጋር አስተያይታ ቀረጡን ሠራችልኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። አንድም የተሰበረ የለም።

ካርቶኑን ታቅፌ ስወጣ ከመንገዱ ዳር የባህል ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ አንድ ፈረንጅ የገዛውን የእንጨት ቅርጽ በጋዜጣ እየጠቀለለ ነበር። በአንድ ዙር ጋዜጣ ብቻ። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝና ጧ የሚለውን ፕላስቲክ አውጥቼ ሰጠሁት።

ለእማዬ ያመጣሁላት እጇን ያነሳች የሸክላ ድመት ናት፤ ካልሲ ውስጥ ሆና በሻንጣ መጣች። ሳሎን ቡፌው ውስጥ ከስኒዎቹ ጎን አስቀምጣታለች። ፊገሮቹን ግን «እነዚህን አጋንንት ከዚህ አርቅልኝ» ብላለች። የእኔ ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል፣ ይሄ ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀት ሲነካው ይጎብጣል። የቡፌውን የታችኛውን መደርደሪያ ጠይቄያለሁ። ድርድሩ ገና ነው።