እናቴን ብቻዋን ላናገረቻት የሰነድ ማረጋገጫ ሠራተኛ የቀረበ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ፣ የባሕር ዳር ልጆች። ይህን የምጽፈው እዚሁ ከተማችን ሰነድ ማረጋገጫ የምትሠራ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟን ልጥራ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ስሜ ይቅር» ስላለችኝ አልጠራውም። ለአለቆቿ ግን በደብዳቤ አሳውቄያለሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። በዕድሜ የገፋ እናት፣ አባት ወይም አክስት ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ዘጌ ነው፤ አግብታ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ግን ከሽምብጥ ወጥታ አታውቅም። አራታችንንም ያሳደገችን እዚያው ግቢ ነው። አባታችን ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፣ ስሟን አሳምራ ትጽፋለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረዳት ወዲህ ግን ደቃቅ ጽሑፍ አይታያትም፤ ይህንንም ለማንም አትናገርም። ወረቀት ስትሰጧት ወደ ፊቷ አስጠግታ ትይዘዋለች፣ ትንሽ ቆይታ ራሷን ትነቀንቅና ትመልስላችኋለች። ያነበበች ይመስላችኋል።

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። የባጃጁ ሞተር ነከሰና ሥራ ፈቶ ቤት ተቀመጠ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ የቆመውን ባጃጅ እያየች አላስችል አላት፤ ለእኛ ሳትነግር ብድር መፈለግ ጀመረች። አንድ የሰፈር ሰው አለ፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ መንገድ ላይ ሲያገኛት ጉልበቷን ሊስም ያጎነብሳል፣ እሱ «እኔ እያለሁልሽ ምን አስጨነቀሽ?» አላት። 120,000 ብር ሊሰጣት፣ እሷም በስድስት ወር ልትመልስ ተስማሙ። «ወለዱስ?» ብትለው «በእኔና በአንቺ መካከል ወለድ ይወራል እንዴ እናቴ?» አላት። ማንነቱን እዚህ አልጽፍም። ለፖሊስ አመልክተናል፣ የቀረውን ሕግ ይየው።

ሐሙስ ጠዋት በባጃጅ መጥቶ ወሰዳት። የቤቱን ካርታ እንድትይዝ ነግሯት ነበር፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች። መንገድ ላይ «ቢጠይቁሽ ልጄ ነው በያቸው፣ አለዚያ ያጉላሉናል» አላት። ወረቀቱንም ቢሮው ደጅ ካሉት ጸሐፊዎች ጋ አላስጻፈም። ተጽፎ ያለቀ ሁለት ወረቀት ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው።

ቀጥሎ ያለውን ከእማዬም ከሠራተኛዋም የሰማሁት ነው።

ወረፋቸው ደረሰ። መታወቂያዋን የሰጠው እሱ ነው፤ ካርታውንም እሱ። ሠራተኛዋ «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስትላት የመለሰው እሱ ነው። «የት ነው የሚኖሩት?» እንደገና እሱ። ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ወንድሜ፣ ውክልና የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ለውክልና የተወካይ መገኘት አያስፈልግም። ውጭ ይጠብቁን።»

«ልጃቸው ነኝ እኮ!»

«ልጃቸውም ቢሆኑ።»

እሱ ሲወጣ ወንበሯን ይዛ እማዬ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ቢሮው በባለጉዳይ ተሞልቶ ነበር፣ ከኋላ የሚያጉረመርምም አልጠፋም።

«እማማ፣ ዛሬ ምን ሊያደርጉ ነው የመጡት?»

«ገንዘብ ልበደር።»

«ስንት?»

«መቶ ሃያ ሺህ።»

«ከማን?»

«ከዚሁ ከልጁ።»

«ልጅዎ ነው?»

እማዬ እዚህ ላይ ዝም አለች። «እግዜር እየሰማኝ መዋሸት አቃተኝ» ነው ያለችኝ በኋላ። «ልጄስ አይደለም፣ የሰፈር ልጅ ነው» አለቻት።

ከዚያ ልጅቷ ወረቀቱን ለእማዬ አልሰጠቻትም። ጮክ ሳትል፣ ቃል በቃል አነበበችላት። የመጀመሪያው የብድር ውል ነው፤ ብሩ ግን መቶ ሃያ ሺህ አይልም። «180,000 ብር ቆጥሬ ተቀብያለሁ» ይላል። ወለድ የሚል ቃል የለበትም፤ ወለዱ ዋናው ብር ውስጥ ተደብቋል። ሁለተኛው የውክልና ሰነድ ነው። «በስሜ ተመዝግቦ የሚገኘውን ቤት እንዲሸጥልኝ፣ እንዲለውጥልኝ፣ በዋስትና እንዲያስይዝልኝ፣ የሽያጩን ገንዘብ እንዲቀበልልኝ...»

እማዬ አቋረጠቻት። «ምኑን ነው የሚሸጠው?»

«ቤትዎን፣ እማማ።»

እናቴ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «የዚህን ቤት ጭቃ ያቦካሁት በዚህ እጄ ነው» አለቻት። ሠራተኛዋ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ መጥቶ ነበር።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። አልጮኸችም፣ ሰውየውንም በሰው ፊት ሌባ አላለችውም። «አባታችንስ አሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ማረፉን ስትሰማ ቤቱ በትዳር ጊዜ የተሠራ መሆኑን አረጋገጠችና ሰውየውን አስጠርታ፣ «የወራሾች ማስረጃ ስለሚጎድል ሰነዱ ዛሬ አይስተናገድም» አለችው። እውነቱን ነው የነገረችው። በትዳር የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፤ የአባታችን ድርሻ ለእኛ ለልጆቹ ይተላለፋል። እናታችን ብቻዋን ሙሉውን ቤት ልትሸጥም ልታሸጥም አትችልም። ግን መልሱን የመረጠችበትን መንገድ አስተውሉ። እማዬ ሰው ማስቀየም ትፈራለች፤ «ቃሌን አጠፍኩ፣ አሳፈርኩት» ብላ ሌላ ቀን መልሳ ትፈርምለት ነበር። አሁን የከለከላት ቢሮው ሆነ፤ እሷ ቀና ብላ ወጣች። ሰውየው «ለማበደር እንዲህ ፍዳ እናያለን?» ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። እማዬን ወደ ቤት የሚመልሳት ባጃጅ እንኳ አልጠራላትም።

ልጅቷ «ለልጆችዎ ልደውልልዎ?» ብላ አስፈቀደቻት። እኔ መራዊ መምህርት ነኝ፤ ስልኩ ሲደወል ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣሁ። ስደርስ እማዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ካርታዋን በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ ይዛዋለች።

ሠራተኛዋ በምሳ ሰዓቷ አስቀምጣ ያስረዳችኝን ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ እጽፋለሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለሰቦች ገንዘብ ሲበዳደሩ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስለዚህ በ120,000 ብር ላይ የስድስት ወር ወለድ ቢበዛ 7,200 ብር ነው። እሱ የጨመረባት 60,000 ነው። ይህ አራጣ ነው፣ የወንጀል ሕጉም በችግረኛ ሰው ላይ አራጣ ማበደርን ይቀጣል። ሌላም ነገር አለ። ሕጉ ግለሰብ አበዳሪ «ካልከፈልክ ቤቱን እወስዳለሁ» ብሎ በውል ቢያስገባ እንኳ ያ የውል ቃል ዋጋ የለውም ይላል። አራጣ አበዳሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው በጓሮ በር የሚመጡት። ወይ ብድሩን የቤት ሽያጭ አስመስለው ያስፈርማሉ፣ ወይ የመሸጥ ውክልና ይቀበላሉ። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ ሕጉ ለዚያ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «እንዲሸጥልኝ፣ እንዲለውጥልኝ» የሚለው ተጠንቅቆ የተጻፈው ለዚህ ነው። ማንበብ ለማይችሉና ዓይነ ስውር ለሆኑ ወገኖቻችንም ሕጉ ጥበቃ አድርጓል። የአውራ ጣት አሻራቸው የሚያስገድዳቸው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው ቀና ብሎ የሰው ፊት ሲያይ ነው።

እዚህ ላይ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። አምና አክስቴን ይዤ ለቀላል የውክልና ጉዳይ እዚያው ቢሮ ሄጄ ነበር። ይህችው ልጅ እኔን አስወጥታ አክስቴን ብቻዋን ስታናግር በጣም ተናድጄ፣ «ምን ጠርጥረሽኝ ነው?» ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያታለሁ። ያኔ ዝም አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ሳስታውሳት «አስታውስሻለሁ፤ እህቴ፣ የሚጠረጠረውና የማይጠረጠረው ግንባሩ ላይ አልተጻፈም፤ ሁሉንም ነው የማስወጣው» አለችኝ። ያን ቀን ወረፋ ላይ ሆነው ያጉረመረሙትም እኔ አምና የነበርኩትን ነበሩ። እህቴ፣ ይቅር በይኝ።

የባጃጁ ነገር አልቋል። ታላቅ እህቴ ለእቁብተኞቿ ችግሯን ነግራ ዕጣዋን አስቀድመው ሰጧት፣ እኔም የቻልኩትን ጨመርኩ፤ ወንድሜ ሥራ ጀምሯል። ቀላል ሆኖ አገኘነው፤ የከበደው ሌላው ነው። እማዬን «ለምን አልነገርሽንም?» ስላት፣ «ባለፈው መድኃኒት ግዙልኝ ስላችሁ ስልኩ ላይ ስትተነፍሱ ሰማኋችሁ» አለችኝ። ያ ትንፋሽ የእኔ ነው። ደመወዝ ያለቀበት ሰሞን ነበር፣ በእሷ አልነበረም ያማረርኩት። እሷ ግን ሰምታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ እኛን መጠየቅ ትታለች። እባካችሁ፣ ወላጆቻችሁ እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶባቸው ስታገኙ አትቆጧቸው። ከተቆጣችኋቸው ሁለተኛውን አትሰሙትም።

ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይዛችሁ ሰነድ ማረጋገጫ የምትሄዱ ሰዎች፣ እንዲህ ያለች ሠራተኛ ብታጋጥማችሁ አመስግኗት፤ ካላጋጠመቻችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። «ሰነዱ ይነበብላቸው፣ ብቻቸውን ያነጋግሯቸው» በሉ። ብሩ በእጅ ሳይገባ «ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት አይፈረምም። ባዶ ወረቀትማ በፍጹም። «ቶሎ በይ፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው» የሚል ሰው ካለ ያን ቀን ተመለሱ፤ ቢሮው ነገም ይከፈታል። ካርታውን ደግሞ ለማንም አበዳሪ አታስይዙ፣ «ለአንድ ቀን ብቻ» ቢላችሁም።

ቀድሞ የፈረመ ሰው ካለም ተስፋ አይቁረጥ። ውክልና በሰጪው ፈቃድ ይሻራል፤ ፈጥኖ ማሻርና ለተወካዩም በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እኛንም መጀመሪያ የመከሩን እነሱ ናቸው፣ እነሱንም እግዜር ይስጥልን።

እማዬ በማግስቱ ከዘጌ የመጣ ቡና ቆጥባ ያስቀመጠችውን ቋጥራ ቢሮው ድረስ ወሰደችላት። ልጅቷ ተነሥታ እጇን ስማ፣ «እማማ፣ ከባለጉዳይ ምንም አልቀበልም» አለቻት። እማዬ ቅር ብሏት ተመለሰች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያንኑ ቡና አፈላችው፤ ቶናውን ስትቀዳ በስሟ ጠርታ «እንደ ጣና ሙሉ ሁኚ፣ ውለጂ፣ ክበጂ» ብላ መረቀቻት። ጎረቤቱ ሁሉ አሜን አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት አራታችንም እማዬን ይዘን ወደዚያው ቢሮ እንሄዳለን። የወራሽነት ማስረጃውን ፍርድ ቤት አውጥተናል። እማዬ ደግሞ ግብርና የውኃ ሂሳብ እንድከፍልላት ለእኔ ውክልና መስጠት ትፈልጋለች፤ መሸጥም መለወጥም የለበትም። እህቴ፣ ያን ቀን «ልጃቸው ነኝ» አልልሽም። እማዬን ብቻዋን አናግሪያት፤ እኛ ውጭ እንጠብቃለን።