«ናይቭስ አውት»፦ ማርታን ከቀብር ያስቀሩት ሰዎች

«ናይቭስ አውት» ገዳዩን ከማወቅ ይልቅ ቤተሰቡን መታዘብ የሚያስደስትበት የግድያ ምሥጢር ፊልም ነው። ራያን ጆንሰን ራሱ ጽፎ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ለተመልካች የቀረበ ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ለኦስካርም በምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ ዘርፍ ታጭቷል። ሃርላን ትሮምቢ የተባለ ባለጸጋ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ 85ኛ ዓመት ልደቱ በተከበረ ማግስት ጉሮሮው ተቆርጦ ሞቶ ይገኛል። ፖሊስ ራሱን እንዳጠፋ ቆጥሮ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል፣ ማን እንደቀጠረው እንኳ የማያውቅ ቤንዋ ብላንክ የሚባል የግል መርማሪ ብቅ ይላል። ገዳዩን በስም አልጠራም፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ግን በሰፊው ስለምናገር፣ ምንም ሳይሰማ ማየት የሚፈልግ ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ቢያቆም ቅር አይለኝም።

እኛ ያየነው እዚህ ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቡና ተፈልቶ ከጎረቤት ጋር ነው። ከመካከላችን አንዷ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራት ነርስ ስትሆን፣ ሌላው የዕድራችን ዳኛ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ሁለቱም ፊልሙን በየሥራቸው ዓይን ስላዩት፣ ብቻዬን ባየው ኖሮ ልብ የማልላቸውን ነገሮች እንዳይ አድርገውኛል።

የፊልሙ ልብ ማርታ ካብሬራ ናት። አና ደ አርማስ የምትጫወታት ይህች ወጣት የሃርላን አስታማሚ ነርስ ስትሆን፣ ውሸት ለመናገር ስትሞክር ወደ ላይ የሚላት አስገራሚ ጠባይ አላት። ትሮምቢዎቹ «አንቺ እኮ ቤተሰባችን ነሽ» ይሏታል። ይሁን እንጂ አንዱ የመጣችበትን አገር ኢኳዶር ሲል ሌላው ፓራጓይ ይላል፤ ኡራጓይም ብራዚልም የሚል አይጠፋም፤ ፊልሙ ራሱ እስከ መጨረሻው ትክክለኛውን አይነግረንም። በልደቱ ግብዣ ላይ ደግሞ የሃርላን ልጅ የሊንዳ ባል ሪቻርድ ስለ ስደተኞች ሲከራከር ማርታን ለማስረጃነት ወደ ጨዋታው ይጠራታል፤ በሕግ አግባብ ጠንክሮ የሚሠራ ስደተኛ ማለት እንደ እሷ ነው እያለ ያወድሳታል፤ በዚያው አፍታ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞርላት፣ የበላበትን ሳህን ያቀብላታል። ማርታ ነርስ እንጂ ሳህን አንሺ አይደለችም፤ ሆኖም ትቀበለዋለች። ይህ ትዕይንት ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ቢሆንም፣ ሪቻርድን በተመለከተ ከዚያ በኋላ የሚነገረኝ ነገር ሁሉ ትርፍ ሆኖ ታይቶኛል። «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» የምትባል፣ ማዕዱ ሲቀርብ ግን ጓዳ የምትቀር የቤት ሠራተኛ በየቤታችን ስላለች፣ ክፍሉ ውስጥ ለአፍታ ዝም ያላለ ሰው አልነበረም።

የዕድራችን ዳኛ እስከዚህ ድረስ ስኒያቸውን ይዘው በዝምታ ነበር የሚከታተሉት። ያስነሳቸው የቀብሩ ጉዳይ ነው። ማርታ ቀን ከሌሊት ያስታመመችውን ሰው ቀብር ላይ እንድትገኝ አልተፈቀደላትም፤ ኋላም ከቤተሰቡ አባላት ከአንድ በላይ የሆኑት ለየብቻ ጠጋ እያሉ «እኔ እንድትመጪ ፈልጌ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍሁ» ይሏታል። ደራሲው ይህን ያስገባው ለቀልድ ነው፤ አሜሪካዊ ተመልካችም እንደሚስቅበት እገምታለሁ። ዳኛው ግን «ለቀብር ደግሞ ድምፅ ይሰጣል እንዴ?» ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ጠላት እንኳ ቢሆን ከለቅሶ በማይከለከልበት አገር ላደገ ሰው፣ ትሮምቢዎቹ ገና ስለ ውርስ ሳይጣሉ፣ ገና አንዳቸው ሌላውን ሳይወነጅሉ፣ በዚህች አንዲት ነገር ብቻ ወድቀዋል። እኔም ከዚያ ወዲህ ለማንኛቸውም ማዘን ተስኖኛል።

ከልጆቹ መካከል የበለጠ የተጠየፍሁት ዋልትን ነው። ማይክል ሻነን የሚጫወተው ዋልት የአባቱን መጻሕፍት የሚያሳትመውን ድርጅት ይመራል፤ አባቱ ከዚያ ቦታ እንዳነሳው ደግሞ ይደብቃል። ይህ ደካማነት ሊታዘንለት የሚገባ ነበር። ነገር ግን ሀብቱ ሁሉ ለማርታ መናዘዙ ከታወቀ በኋላ ከመኖሪያዋ ድረስ ሄዶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላት እናቷ የተጨነቀ መስሎ የሚናገረው ንግግር አለ። ድምፁን አንዴም ከፍ አያደርግም። ጥሩ ጠበቃ እንደሚያቆሙላት፣ ቤተሰቡ ሊረዳት እንደሚችል ያስረዳታል፤ ውርሱን ካልተወች ግን ምን እንደሚከተል አድማጩ ራሱ እንዲጨርሰው ይተወዋል። በእርዳታ ስም የቀረበ ማስፈራሪያን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ትዕይንት አላስታውስም።

ሊንዳ ከወንድሟ ትሻላለች። ጄሚ ሊ ከርቲስ የምትጫወታት ይህች የበኩር ልጅ ሥራዋን ከባዶ ተነሥታ እንዳቋቋመች ትናገራለች፤ መነሻው ግን ከአባቷ የተበደረችው አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው። ቢሆንም አባቷን ከልቧ የምትወድ፣ ከእሱ ጋር ብቻ የሚግባቡበት የደብዳቤ ጨዋታ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ሐዘኗ እውነት ይመስላል። የሟች ወንድማቸው ሚስት የነበረችው ጆኒ ግን ስለ ደግነትና ስለ መንፈስ ጤንነት እየሰበከች፣ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ከሃርላን ሁለት ጊዜ ስታስከፍል የኖረች ናት። ቶኒ ኮሌት ስለምትጫወታት እያናደደችም ታስቃለች።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ትሮምቢዎቹ ኑዛዜው ሲነበብ የሚያሳዩት ድንጋጤ በእኛ ሕግ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተናዛዥ ልጁን በግልጽ ሲነቅል ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ እንዲያሰፍር ያስገድደዋልና። ሃርላን ምክንያት አያጣም ነበር፤ ሦስት ገጽ ይሞላለት እንደነበር አልጠራጠርም። ሟቹን ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው እንዳይወርስ መከልከሉ ግን በፊልሙም በሕጋችንም አንድ ነው፤ ታሪኩም ከወገቡ በኋላ የሚሽከረከረው በዚሁ ላይ ነው።

ብዙ ያከራከረችን ሜግ ናት። የጆኒ ልጅ ሜግ የማርታ እውነተኛ ጓደኛ ናት፤ ከቤተሰቡ ሁሉ ማርታን በእኩል ዓይን የምታየው እሷ ትመስላለች። ገንዘቡ ሲታጠፍና የትምህርቷ ነገር አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን፣ ቤተሰቡ ከቧት ስልክ ያስደውላታል። ማርታ «ትምህርትሽን እኔ አስጨርስሻለሁ» እያለች ስታጽናናት፣ ሜግ የማርታን እናት ምሥጢር ለቤተሰቧ አሳልፋ ሰጥታለች። ሲስተር «ልጅ ናት፣ ተገዳ ነው» ብላ ተከራከረችላት። እኔ ግን ከዋልት ክፋት ይልቅ የሜግ መልካምነት ዋጋው ይህን ያህል ብቻ መሆኑ ነው ያሳዘነኝ። ዋልት ያው ዋልት ነው።

ሲስተር ለማርታ የምትሳሳውን ያህል በሥራዋ አልማረቻትም። ማርታ ሁለት የመድኃኒት ብልቃጦች ተለዋውጠውባት ለሃርላን ከልክ ያለፈ ሞርፊን የወጋችው በመሰላት ጊዜ፣ ሲስተር ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ብልቃጡን ሳታነቢ ትስቢያለሽ?» ስትል ሁላችንም ሳቅን። መድኃኒት ሲነሳ፣ ሲሳብና ሲመለስ ሦስት ጊዜ ጽሑፉ እንደሚነበብ አስረዳችን። የሚገርመው ፊልሙ ይህን የሙያ ነጥብ ያልዘነጋው መሆኑ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ግን መጨረሻውን ላየ ይገለጥለታል።

ብላንክን በተመለከተ ያለኝ ስሜት የተደባለቀ ነው። ዳንኤል ክሬግን በጄምስ ቦንድነቱ ለምናውቀው፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አነጋገር እየተጎተተ ሲያወራ መስማት መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ጽሑፉን ከሥር እያነበቡ ማየት ይሻላል። ምርመራው ሲጀመር ከኋላ ተቀምጦ አንዲት የፒያኖ ቁልፍ ብቻ እየነካ ጠያቂዎቹን መምራቱ ወዲያው ወደድሁት። ስለ ዶናት ቀዳዳ የሚያደርገው ረጅም ንግግር ግን ሰለቸኝ። የሊንዳና የሪቻርድ ልጅ ራንሰም ድራይስዴል፣ ማለትም ብዙ ወጣቶች በካፒቴን አሜሪካነቱ የሚያውቁት ክሪስ ኢቫንስ፣ የተበላሸ የሀብታም ልጅ ሆኖ ሲሳደብ ማየት ደስ ይላል። ቤቱ የአያት ቅድመ አያቶቻችን ነው ብሎ ሲፎክር፣ ሃርላን በ1980ዎቹ ከአንድ ፓኪስታናዊ ባለሀብት እንደገዛው ብላንክ ሲነግረው ክፍላችን በሳቅ ተሞላ። የቤቱ ውሾች የሚያዩትን ማን እንደሚጠይቅ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን የሃርላንን እናትስ ማን እንደሚያዳምጥ ልብ ብላችሁ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ተከታይ ፊልም ከእነዚህ ሁሉ የተመለሰው ብላንክ ብቻ ስለሆነ፣ ትሮምቢዎቹን የናፈቀ ሰው እዚህኛው ላይ ጠግቦ ይነሣ።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለኝ። የሃርላንን ሬሳ ጠዋት ቁርስ ይዛ ወደ ላይ ወጥታ ያገኘችው ፍራን የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። ትሮምቢዎቹን ከማርታ ጋር ባላቸው ጠባይ እየመዘነ የሚፈርደው ይህ ፊልም፣ ፍራንን እንደ ትሮምቢዎቹ ነው የሚይዛት፤ ታሪኩ ሲፈልጋት ይጠራታል፣ ሥራዋ ሲያልቅ ይረሳታል። በእሷ ላይ ምን እንደሚደርስ አልናገርም፤ ከደረሰ በኋላ ግን ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ቁጭ ብሎ ስሟን እያነሳ የሚያዝንላት ሰው አናይም፤ ማርታም ብትሆን ጊዜ አልተሰጣትም። ሲስተር በዚህ አልተስማማችም፤ ፊልሙ ረዝሟል፣ ሌላ ለቅሶ መጨመር ያከብደው ነበር ብላለች። የዕድሩ ዳኛ ግን ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት «ያቺን ልጅ ማን ቀበራት?» ብለው ነው፤ መልስ ያለው ሰው አልነበረም።