ተንሳፋፊው ማግኔት፦ የሱፐርኮንዳክተር ማሳያ ኪት ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተ ሙከራ

የካርቶኑ ውስጥ ዕቃ ጥቂት ነው፦ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር የሴራሚክ ዲስክ፣ ትንሽ የኒዮዲሚየም ማግኔት፣ የስታይሮፎም ሳህን፣ የፕላስቲክ ወረንጦ፣ አንድ ገጽ መመሪያ። ዋጋው ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክስጅን የተሠራ ሲሆን ከ92 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 181 ዲግሪ ሴልሺየስ) ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ (ጅረትን የመቃወም ባሕርዩ) ይጠፋል፤ ሱፐርኮንዳክተር የሚባለውም ለዚህ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ክስተቱ መጀመሪያ የታየበት ሜርኩሪ 4.2 ኬልቪን ድረስ መውረድ ነበረበት፤ ያ ደግሞ ፈሳሽ ሂሊየም ይጠይቃል። ለዚህኛው ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃዋል።

ከፍታችንም ያግዛል። ባቄላ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ይልቅ ለመብሰል የሚዘገየው ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው፤ ናይትሮጅንም እንደዚያው ነው። ባሕር ወለል ላይ በ77 ኬልቪን የሚፈላው፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ 75 ኬልቪን ገደማ ይሆናል። ሁለት ኬልቪን በነጻ ማለት ነው።

የኪቱ ትልቁ ጉድለት መመሪያው ነው። የሚንሳፈፈውን ሁሉ «የማይስነር ክስተት» ብሎ ያልፋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ማግኔቱን ሞቃት ዲስክ ላይ አስቀምጣችሁ ናይትሮጅን ስታፈሱ ራሱ ከፍ ካለ፣ ያ ማይስነር ነው፤ ዲስኩ የነበረውን የማግኔት መስክ ከውስጡ አስወጣ ማለት ነው። ዲስኩ ከማግኔቱ ጋር ቀዝቅዞ ሲገለበጥ ማግኔቱ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን መስኩ ዲስኩ ውስጥ ተቆልፏል፤ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ማምታታት ተማሪውን ዓመቱን ሙሉ ያሳስታል።

ስለዚህ ስታዝዙ የዲስኩን ዓይነት ጠይቁ። ዱቄቱ ተጨምቆ ብቻ የተጠበሰው ርካሽ ነው፤ ማይስነርን በደንብ ያሳያል፣ ማግኔቱን ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ያነሣል፣ ሲገለበጥም ይጥለዋል። ቀልጦ ቀስ በቀስ የረጋው አጥብቆ ይቆልፋል፤ ነገር ግን ከመቆለፉ ብርታት የተነሣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ማግኔት ሲቀዘቅዝ እምብዛም አይነሣም። ለእንግዳ ትርዒት ሁለተኛው፣ ለክፍል ትምህርት የመጀመሪያው ይሻላል። ማግኔቱም ክብ ይሁን። ክቡ ተንሳፍፎ በጣት ሲነካ ለረጅም ጊዜ ይሽከረከራል፤ ማዕዘን ያለው ግን ሲዞር መስኩ ስለሚለዋወጥ ዲስኩ ይይዘዋል።

አሠራሩ አጭር ነው። ናይትሮጅኑን ሳህኑ ላይ በትንሽ በትንሹ አፍስሱ። መጀመሪያ በኃይል ይፈላል፤ ፍላቱ ጋብ ሲል ዲስኩ ቀዝቅዟል። የብረት ወረንጦ አትጠቀሙ፣ ማግኔቱ ይጣበቅበታል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከሚተንነው ጋር አንድ ሊትር ያዙ።

ናይትሮጅኑን ማግኘት ነው ከባዱ። በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከከብት አዳቃዮች ኮንቴይነር ነው፤ ዘር ካለበት ኮንቴይነር ግን አትቅዱ፤ መጠኑ ከወረደ ዘሩ ይሞታል። በክዳን በተዘጋ ፐርሙዝ መያዝ ደግሞ ቦምብ መያዝ ነው፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ 700 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ የመኪናው መስኮት ክፍት ይሁን፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ኦክስጅኑን ግን ያስወጣል። ፈሳሹን የሚመጥ የጨርቅ ጓንት ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ሰፋ ያለ ቆዳ ይሻላል።

ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት ሽቦ ያለው ዓይነትም አለ፦ ሁለቱ ሽቦዎች ጅረት ያስገባሉ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ይለካሉ፣ አንድ ቴርሞካፕል የሙቀት መጠኑን ይነግራል። ሚሊ ቮልትን በክፍልፋይ የሚያነብ መልቲሜትር ከሌላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ከሁሉ በላይ ዲስኩን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ሲሞቅ አመዳይ ይይዘውና ይረጥባል፤ በክረምት ጉም ደሴ ላይ ይህ ይብሳል። ወዲያው በፀጉር ማድረቂያ በለብታ አድርቁት። ማግኔቱን ግን ለየብቻ አኑሩት፤ ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን ማጣት ይጀምራል። ዲስኩን ከጫማ ካርቶን በሚገኙት የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር በተከደነ ብልቃጥ አስቀምጡት። ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ካወጣ ባሪየም ካርቦኔት ነው፤ መርዛማ ስለሆነ በእጅ አይጠረግ።