በሶ ለሯጭ፦ የሾላው፣ የፓኬቱና ጄሉ

የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ሱሉልታ እሮጣለሁ። "ከሩጫ በፊት ምን ልብላ?" የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ሰሞኑን በሶን በደንብ ልፈትነው ብዬ ተነሳሁ። ከሾላ ገበያ በኪሎ የሚመዘነውን፣ ሱፐርማርኬት በፓኬት የሚሸጠውንና ከውጭ የሚመጣውን ጄል (ሯጮች መንገድ ላይ የሚውጡት ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ጎን ለጎን ሞከርኳቸው። ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። የሾላው በሶ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተወዳዳሪ የለውም። እየሮጡ መሃል መንገድ ላይ ግን በፍጹም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ሾላ በሶ የሚሸጡልኝ እናት ገብሱን ራሳቸው ነው የሚቆሉት። "እማማ፣ የዚህ ሳምንት ነው?" ስላቸው ከጆንያው ዘገን አድርገው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። "ቅመሺው እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ" አሉኝ። ቀመስኩት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ ገና የተቆላ ገብስ ይሸታል፣ ጥርስ ላይ የሚንቀጫቀጭ ነገር የለውም። የፓኬቱ ግን አርሯል። ምላስ ላይ ምሬት ይተዋል። መቼ እንደታሸገ አልተጻፈበትም። ዋጋውም ከሾላው ይበልጣል። ማሸጊያው ያምራል፣ እሱን አልክድም።

ፊደል ከቆጠርንበት ጊዜ ጀምሮ አበበ በሶ ሲበላ ኖሯል። በልቶ የት እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገረን። እኔ ሩጫ ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ የሚሠራው በኤቲፒ ነው፣ ሴል እንደ ነዳጅ የሚጠቀምበት ሞለኪውል ማለት ነው። በሶም ሆነ ጄል፣ ቅቤም ሆነ ስኳር፣ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ኤቲፒ ካላስገኘ እግር አያነሳም። ሴሉ ደግሞ ኤቲፒ አያጠራቅምም። ያለው ለጥቂት ሰከንድ ቢበቃ ነው። ስለዚህ እየተሮጠ ነው የሚሠራው። ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል ተፈትልኬ ስሮጥ የሚደርስልኝ ክሬቲን ፎስፌት ነው፣ ጡንቻ ውስጥ ያለ ኤቲፒን ቶሎ የሚተካ መጠባበቂያ። እሱም 10 ሰከንድ ገደማ ቢያስኬድ ነው። ከዚያ በኋላ ዋናውን ሥራ የሚይዘው የግሉኮስ መሰባበር ነው። ያለ ኦክስጅን ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ብቻ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ትንሽ ነው። ያው ግሉኮስ ተሰባብሮ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ የኃይል ማመንጫ) ውስጥ በኦክስጅን ከተቃጠለ ወደ 30 ገደማ ይሰጣል። ረጅም ሩጫ የሚሮጠው በዚህኛው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ሲያቅታቸው "ላክቲክ አሲድ ነው" የሚሉ አሉ። አይደለም። ላክቴት፣ ማለትም ያ ላክቲክ አሲድ የሚሉት ሰውነት ውስጥ የሚገኝበት መልክ፣ ሩጫው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጸዳል። እንዲያውም ልብና ሌሎች ጡንቻዎች ይጠቀሙበታል። የማግስቱ ሕመም ጡንቻው ራሱ ስለተጎዳ የሚመጣ ነው፣ በተለይ ቁልቁለት የተሮጠ ቀን።

ወደ በሶው ልመለስ። ሰውነታችን ግሉኮስን የሚያስቀምጠው ግላይኮጅን አድርጎ ነው። ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ገደማ፣ ጉበት ውስጥ ደግሞ 100 ግራም ገደማ ይይዛል። ስብ በጣም ከቀጭን ሰው ላይም አያልቅም፣ ግን ኤቲፒ የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው። ፍጥነት ሲጨመር ግላይኮጅን ግድ ይላል። ሱሉልታ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ይላል። ታች በቀላሉ የምንሮጥበት ፍጥነት እዚያ ከባድ ይሆናል፣ ግላይኮጅኑም ቶሎ ይነካል።

ማታ በልተን ተኝተን ስንነሳ የጡንቻው ግላይኮጅን እዚያው ነው። የጉበቱ ግን ሌሊቱን አንጎልን ሲመግብ ያድርና ጠዋት ላይ ጎድሎ ይገኛል። በሶ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ከ100 ግራም በሶ ውስጥ 70 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው፣ አብዛኛው ስታርች፣ ማለትም የግሉኮስ ሰንሰለት። ተቆልቶ የበሰለ ስለሆነ ምድጃ አይፈልግም። በጥብጦ መጠጣት ነው።

የሥራ ነገር አልለቅ ብሎኝ ጣቴን ወግቼ ስኳሬን ለካሁ። አንድ ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ጠጣሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ሌላ ጠዋት በሶ በውሃ ጠጣሁ። ያለ ማር፣ ያለ ስኳር። ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። የአንድ ሰው ጣት ጥናት አይባልም። ግን ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ። ውሃ ሲያገኝ ይወፍራል፣ ጨጓራን ቶሎ አያስለቅቅም። ጣቴ ያሳየኝ ከዚህ ጋር ይሄዳል።

መንገድ ላይ ጠላት የሚሆነውም ይኸው አሰር ነው። በሃይላንድ በጥብጬ ይዤ ወጣሁ። ገና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ በሶው ታች ተኝቷል። ብነቀንቀው ተጓጉሎ አፉ ላይ ተወተፈ። ክዳኑ ተጣበቀ፣ እጄም አብሮ። የጠጣሁት ደግሞ ሆዴ ውስጥ እየተንቦጫረቀ አብሮኝ ሮጠ። አሰልጣኛችን ከኋላ ደርሰውብኝ "አንቺ ልጅ፣ የደከመሽ እግርሽ ነው ሆድሽ?" አሉኝ። "ሆዴ ነው ጋሼ" አልኳቸው። "በሶ እቤት ነው የሚጠጣ" ብለው አለፉኝ። በ60 ዓመታቸው ማለፋቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

እየሮጠ ያለ ሰው ደሙን ወደ ጡንቻው ስለሚልክ አንጀቱ ትንሽ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ቶሎ የሚመጠጥ ነገር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ጄሉ አሸነፈ። አንድ ጉርሻ ነው፣ ውሃ ጠጥቶበት መቀጠል ነው። ግን በአንዱ ዋጋ ከአንድ ኪሎ በላይ በሶ ይገዛል። ጣዕሙም የልጆች የሳል ሽሮፕ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሮጥ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢወስድ ይጠቅመዋል። ይህን ደግሞ ማር በውሃ በጥብጦ፣ ጨው ቆንጠር አድርጎበት ማግኘት ይቻላል። እኔ አሁን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ጨው ያልኩት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ግሉኮስ በአንጀት ግድግዳ የሚያልፈው ከሶዲየም ጋር ተያይዞ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ኦአርኤስ ውስጥ ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡትም ለዚህ ነው። ማር ደግሞ ግሉኮስና ፍሩክቶስ አለው። ሁለቱ የአንጀትን ግድግዳ የሚያልፉት በተለያየ በር ነው፣ አንዱ በር ሲጨናነቅ ሌላው ያስገባል። በሶን በማርና በጨው የበጠበጡ እናቶች ይህን ማንም አላስተማራቸውም።

የእኔ አሠራር፦ አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ቆንጠር ጨው። መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ማሸት፣ ከዚያ ማቅጠን። ውሃውን አንዴ ከገለበጡበት መጓጎሉ አይቀርም። የሚጠጣው ሩጫው ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። 12 ሰዓት ሱሉልታ ለመጀመር ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ማለት ነው። የበሶ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይሄ ነው። ከሩጫ በኋላ ደግሞ በወተት እጠጣዋለሁ፣ ለፕሮቲኑ። በጾም ወተቱ ይቀራል፣ በውሃና በማር ይሆናል። ቅቤ ያለበት ጩኮ የሚያመጣ ጓደኛ አለን። ይጣፍጣል። ለሩጫ ግን ከበደኝ፣ ስብ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል።

ለታላቁ ሩጫ በሶ ይዘሽ ትወጫለሽ ወይ ለምትሉኝ፦ አልይዝም። 10 ኪሎ ሜትር ነው። ደህና እራት ለበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን ይበቃል። መስቀል አደባባይ የሚያስፈልገኝ ውሃና ሰው የማይረግጠው ጫማ ነው።