በክፍል ወይስ በዛፍ ሥር፦ በጎጃም ለአራት ዓመት ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ለሚመርጡ ወላጆች የቀረበ ንጽጽር

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ የሚኖር ወላጅ ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው በቅድሚያ የሚያመዛዝነው ክፍያውን፣ ርቀቱንና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆን አለመሆኑን ነው። እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም፣ ሕፃኑ ከጠዋት እስከ ምሳ በእጁ ምን ሲሠራና በምን ቋንቋ ሲነጋገር እንደሚውል ግን አይነግሩንም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽረው የተለመደውን የክፍል ውስጥ ኬጂ፣ አብዛኛውን ቀን ከቤት ውጭ ከሚያሳልፍና በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ ከሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ጋር ነው።

በክፍል ውስጥ ኬጂ ቀኑ በሰልፍና በመዝሙር ይጀምራል፤ ከዚያም ሕፃናቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደልና ቁጥር በጋራ ይደግማሉ፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ የቤት ሥራ ይዘው ይመለሳሉ። የዚህ አሠራር ጥንካሬ ወላጅ የልጁን ለውጥ በደብተሩ ላይ በቀላሉ ማየቱ ነው። በደብረ ማርቆስ ብርድም ሆነ በባሕር ዳር የሚያዝያ ፀሐይ ልጁ መጠለያ ውስጥ መሆኑም ቀላል ጥቅም አይደለም። ድክመቱ ቋንቋው ከነገሩ መለያየቱ ነው፤ ልጁ የፍራፍሬና የእንስሳትን ስም በእንግሊዝኛ በዜማ ሲደግም ይሰማል፣ በዚያው ቋንቋ ውኃ እንዲሰጡት ለመጠየቅ ግን ይቸገራል።

ከቤት ውጭ በሚውለው መዋዕለ ሕፃናት ጠዋት ችግኝ ውኃ ይጠጣል፣ የወደቀ ፍሬ ይለቀማል፣ የዋንዛና የብሳና ቅጠል በቅርጹ ይለያል፣ ጭቃ ይቦካል። 33ቱን የፊደል ቤቶች ልጁ እርሳስ አጥብቆ መያዝ ከመቻሉ በፊት በአሸዋ ላይ በጣቱ ይጽፋቸዋል። አንዷ መምህርት ሁልጊዜ በአማርኛ፣ ሌላዋ ሁልጊዜ በአዊኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚያነጋግሩት ከሆነ፣ ልጁ ባልዲውን ሲያነሣና ውኃውን ሲያፈስ ቃሉን ከሥራው ጋር አብሮ ይይዘዋል። በእኔ ግምገማ የዚህ ዓይነት ተቋም ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ ስለ ንጹሕ አየር የሚነገረው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የቋንቋው ነገር በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ለሚኖር ቤተሰብ ይበልጥ ይከብዳል። አዊኛ የኩሽ፣ አማርኛ የሴም ቋንቋ ቢሆኑም ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ፊደሉን የለየ ልጅ ሁለቱንም ለማንበብ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በአካባቢው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአዊኛ ስለሚሰጥ፣ የቤቱን ቋንቋ ትቶ እንግሊዝኛን ብቻ የሚያስቀድም ኬጂ ልጁን ለሚቀጥለው ክፍል ሳያዘጋጅ ሊለቀው ይችላል። እንግሊዝኛ በቤት ቋንቋ ላይ ሲጨመር እንጂ በእርሱ ቦታ ሲተካ አልደግፍም።

ከቤት ውጭ የመዋሉ ልማድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዴንማርክ ተጀምሮ በ1993 በጀርመን ፍሌንስቡርግ ከተማ ይፋዊ እውቅና ያገኘ አሠራር ነው። ከዚያ እንዳለ መቅዳት ግን አይቻልም። በአንዳንድ አገሮች ሕፃናት በባዶ እግራቸው አፈር እንዲረግጡ ይበረታታል፤ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ግን ለዓመታት ያለ ጫማ መሄድ እግርን የሚያሳብጠውን ዝሆኔ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ጫማና የእግር መታጠቢያ ውኃ የሌለው የተፈጥሮ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር፣ ሊመረጥ አይገባም። በጣና ዳር ከሆነም ሕፃናት ሐይቁ ውስጥ እንዳይገቡ መከልከል አለባቸው፤ ቢልሃርዝያም ጉማሬም አለ። የጉሎ ፍሬና አስተናግር መርዛማ በመሆናቸው ግቢው ከእነርሱ የጸዳ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ወላጆች የሚፈሩት ዝናቡን ነው፤ ሆኖም ከባዱ ዝናብ የሚጥልባቸው ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራት ናቸው። ለሰኔና ለመስከረም ጥሩ ጣሪያ፣ ቦቲ ጫማና ቅያሪ ልብስ ይበቃል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ከቤት ውጭ የሚሠራ ተቋም ለጥቂት ሕፃናት ብዙ ጠባቂ ስለሚፈልግ ወጪው ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። አቅሙ ለማይፈቅድ ቤተሰብ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠው ኦ ክፍል አለ፤ እስከዚያው ልጁን በጓሮ ሥራ ማሳተፍና በቤቱ ቋንቋ ተረት መንገር ብዙ ይሠራል። ሁለቱም ወላጆች እስከ ማታ 11 ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ እስከዚያ ሰዓት የሚጠብቅ ጥሩ የክፍል ኬጂ በ6 ሰዓት ከሚለቅ የተፈጥሮ መዋዕለ ሕፃናት ይሻላቸዋል።

ሰዓቱም ክፍያውም ለሚመች ቤተሰብ ግን ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ከቤት ውጭ የሚውለውን እመርጣለሁ። ከመመዝገብ በፊት አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሞ ማየት ይገባል፦ ሕፃናቱ ምን ተጫምተዋል፣ እጃቸውን የት ይታጠባሉ፣ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲጠይቅ በዚያው ቋንቋ የሚመልስለት ሰው አለ ወይ።