በብሪታንያ ለተገደለ ሰው ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ካሣ፦ የአገልግሎቱ ግምገማ

በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ዘመዱ በወንጀል የተገደለበት ሰው ካሣ የሚጠይቀው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ግላስጎው ከሚገኘው የወንጀል ጉዳት ካሣ ባለሥልጣን ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ሲሆን፣ ከደንቡ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ገዳዩ መያዙን ወይም ጥፋተኛ መባሉን እንደ ቅድመ ሁኔታ አለመጠየቁን ነው። ገዳዩ ያልታወቀበት ቤተሰብም ድርጊቱ ለፖሊስ እስከተነገረ ድረስ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው በነፃ ነው፤ ጠበቃ ማቆምም ግዴታ ስላልሆነ፣ ከካሣው ላይ ድርሻ ከሚጠይቅ ወኪል ጋር ለመዋዋል መቸኮል አያስፈልግም።

የሐዘን ክፍያው፣ ብቁ ዘመድ አንድ ብቻ ከሆነ 11,000 ፓውንድ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 5,500 ፓውንድ ነው። ለቀብር 2,500 ፓውንድ ይከፈላል፤ ወጪው ከዚያ በልጦ ተገቢ ሆኖ ከተገኘ እስከ 5,000 ይደርሳልና ደረሰኞችን ሰብስቦ ማስቀመጥ ይገባል። ወላጁ ለተገደለበት ልጅ ደግሞ 18 ዓመት እስኪሞላው በዓመት 2,000 ፓውንድ ይታሰባል፤ ይህ ገንዘብ ልጅ ለማሳደግ ምን ያህል እንደማይበቃ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ማን ዘመድ ይባላል በሚለው ላይ ነው። ደንቡ የሚያውቀው የትዳር ጓደኛን ወይም ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሮ የኖረን አጋር፣ ወላጅንና ልጅን ሲሆን፣ ወንድምና እህት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ታናሽ ወንድሟን ተማሪ ቤት ልካ፣ ሲታመም አስታምማ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እህት፣ ወንድሟ ቢገደልባት ቀብሩን የከፈለችበትን ከመጠየቅ በቀር የሐዘን ክፍያ አይደርሳትም። ይህ መሻሻል ያለበት ግልጽ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የሟቹ የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ ክፍያውን ሊያስቀንስ ወይም ሊያስከለክል መቻሉም ቅጣቱን በሐዘንተኛው ላይ ይጥላል።

ማመልከቻው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ለየት ያለ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ውሳኔው ያላረካው ሰው እንደገና እንዲታይለት በ56 ቀን ውስጥ መጠየቅ፣ በዚያም ካልተስማማ በ90 ቀን ውስጥ ለገለልተኛ ጉባኤ ይግባኝ ማለት ይችላል።